ገንዘብ ወዳድ የምትሉት ማንን ነው?

በምዕራብ ሜልበርን የምትኖሩ የፉትስክሬይ፣ የሰንሻይንና የሴንት አልባንስ ወገኖቼ! ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ሻርፕ ጠምጥማችሁ የሰፈራችን የአውስትራሊያ ፉትቦል ክለብ ቡልዶግስ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ ደግሞ «ተሸነፉ» የምትሉ ሁሉ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ስሙኝ።

በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የተጫዋቾች ዝውውር ሲከፈት ኒኮልሰን ስትሪት አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶቻችን በአንዱ ብትቀመጡ ወሬው አንድ ነው። «ይሂድ! ገንዘብ ወዳድ!» ይላል አንዱ። «ድሮስ ምን ሠራ?» ይላል ሌላው። ልጁ ይሄዳል። ክረምቱ ገብቶ ቡድናችን መሀል ሜዳ ላይ ኳስ የሚያወጣ ሰው ሲያጣ እነዚያው ሰዎች እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው «አይ ያንን ልጅ ያጣነው! ያውም በብር!» እያሉ ከንፈር ይመጣሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት አባቶቻችን ፉቲ የሚባለውን የአውስትራሊያ ፉትቦል አይተው አያውቁም፤ እኛን ግን በደንብ አይተውናል።

አንዱን ላሳያችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ማኪያቶውን እያማሰለ ስለ ታማኝነት ሲያስተምረን ቆየ። «ዱሮ ተጫዋች ለማልያው ነበር የሚሞተው» አለ። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ሲነዳበት ከነበረው ድርጅት በሰዓት ጥቂት ዶላር ለጨመረለት ሌላ ድርጅት ብሎ የወጣ ነው፤ አለቃውን እንኳ በወጉ አልተሰናበተም። ይህንኑ ባስታውሰው «ያ ሌላ ነው፤ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ተጫዋቹስ? ያለው ጉልበት ነው፤ ያውም በአንድ ክፉ ቅዳሜ ጅማቱ ተበጥሶ የሚቀር ጉልበት። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሽማግሌ የሚባልበት ሥራ ነው የያዘው።

ከመካከላችን ከስደተኛ ካምፕ የመጣ አለ፤ ለትምህርት መጥቶ የቀረ አለ፤ ተጋብቶ የመጣ አለ። አመጣጣችን ይለያይ እንጂ እዚህ ከደረስን በኋላ የተሻለ ደመወዝ ቀርቦልን «የለም፣ ለድሮው አለቃዬ ቃል አለብኝ» ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግም አድርገናል። ቤተሰብ አለን፣ አገር ቤት የሚጠብቀን እጅ አለ። ታዲያ በየትኛው አፋችን ነው የ21 ዓመት ልጅ ከሃዲ የምንለው?

ይህንንም እወቁ። በአውስትራሊያ ፉትቦል የ18 ዓመት ልጅ ክለቡን አይመርጥም። ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ድራፍት የሚባል ሥርዓት አለ፤ ክለቦች በየተራቸው ስም ይጠራሉ፣ ልጁ ስሙ ወደተጠራበት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የሜልበርኑ ፐርዝ፣ የፐርዙ ብሪዝበን። ተጫዋቹ በነፃነት ክለብ የሚቀይርበት ሕግ ራሱ የመጣው በ2012 ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ክለብ ቢያንስ ስምንት ዓመት ለቆየ ነው። እንግዲህ ልጁ መች ቃል ገባላችሁና ነው «ከዳን» የምትሉት?

የቀድሞ ተጫዋቻችንን ካለን ዋርድን እናንሳ፤ እስካሁን የሚያማችሁ አላችሁና። በ2007 ድራፍት ነበር የመረጥነው። ግጭት የማይፈራ፣ እግር በበዛበት ራሱን ሰድዶ ኳስ የሚያወጣ ልጅ። በ2011 ኮንትራቱ አለቀ። በዚያ ሰዓት ሊጉ በምዕራብ ሲድኒ አዲስ ክለብ፣ ማለትም ጃያንትስን፣ እያቋቋመ ነበር። ለአዲሱ ክለብ ከሌሎቹ የሰፋ የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም ክለቡ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው ወሰን፣ ሰጠው፤ ከእያንዳንዱ ክለብ ኮንትራቱ ያለቀ አንድ ተጫዋች እንዲወስድም ፈቀደለት። ከሜልበርን ቶም ስካሊን፣ ከአዴሌድ ፊል ዴቪስን፣ ከእኛ ዋርድን ወሰደ። ደንቡን ያወጣው ሊጉ ነው፤ ገንዘቡን ያቀረበው ጃያንትስ ነው፤ ስድቡን የጠጣው ግን ልጁ ብቻ ነው። ስካሊም እንደዚያው፤ የሜልበርን ደጋፊ ለዓመታት ጮኸበት።

«ነገም ሌላ ከከፈለው ይሄዳል» ብላችሁ ነበር። ሄደ? ዋርድ ከመጀመሪያዎቹ የጃያንትስ አምበሎች አንዱ ሆነ፤ በሽንፈት ላይ ሽንፈት የተቆለለበትን የክለቡን ጅምር ችሎ አሳለፈ፤ በጠቅላላው ከ300 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ሦስተኛ ክለብ ሳያይ እዚያው ጫማውን ሰቀለ። ሴፕቴምበር 2016 ለፍጻሜ ለማለፍ ሲድኒ ላይ ስንገጥማቸው ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሜዳ ወጣ፤ እኛ በነጥብ 89 ለ83 አሸነፍን። ያን ዕለት እሱ እየተደገፈ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ያጨበጨባችሁ አላችሁ። አየኋችሁ እኮ!

አሁን ደግሞ ወደ ቶም ቦይድ ልውሰዳችሁ፤ የሚያሳፍረን እሱ ነውና።

በ2014 መጨረሻ አምበላችን ራያን ግሪፈን ወደ ጃያንትስ ልሂድ አለ። በምትኩ ቦይድን አመጣን፤ በ2013 ድራፍት አንደኛ የተመረጠ፣ ለክለቡ ገና አንድ ዓመት ብቻ የተጫወተ የ19 ዓመት ልጅ። ጋዜጦቹ እንደዘገቡት ኮንትራቱ ለሰባት ዓመት፣ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ዋርድ ላይ የተደረገውን እኛ በተራችን በጃያንትስ ላይ አደረግነው ማለት ነው። ያኔ «ገንዘብ ወዳድ» ያለው ማን ነበር? ማንም። «ክለባችን ነቃ!» ነው የተባለው። ሌላው ወደ እኛ ሲመጣ አስተዋይ፣ የእኛው ወደ ሌላ ሲሄድ ሆዳም!

ልጁ ጎል ሲስት ደግሞ ደመወዙን ለጎሉ እያካፈላችሁ «አንዷ ስንት ወጣችብን?» እያላችሁ ትሳለቁ ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 2016 በዋንጫው ፍጻሜ፣ በግራንድ ፋይናሉ፣ ሲድኒን 89 ለ67 ስንረታ ግን ሦስት ጎል አገባ። አራተኛው ሩብ ላይ ከሩቅ የለጋትን ኳስ ታስታውሳላችሁ? መሬት ነጥራ ነጥራ ስትገባ ኤም.ሲ.ጂ. በሚባለው የሜልበርን ትልቁ ስታዲየም ውስጥ የነበረው ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቆሞ ነበር። ከ1954 ወዲህ ዋንጫ ያላየ ሰፈር ነው፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ነው የጠበቀው። ያን ሌሊት ባርክሊ ስትሪት ላይ እስኪነጋ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ፣ ሴቶቻችን እልል ሲሉ፣ ሰባት ሚሊዮኑን ያነሳ ሰው አልነበረም።

በ2017 ቦይድ በመንፈስ ጭንቀት ከጨዋታ ራቀ። ሜይ 2019፣ በ23 ዓመቱ፣ ኮንትራቱ እስከ 2021 እያለለት ጨዋታ አቆመ፤ የቀረውን ክፍያ ትቶት ሄደ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ተጎዳሁ እያለ፣ የቀረውን ቢቀበል ማን ይከለክለው ነበር? አልፈለገም። እስቲ ከመካከላችን ያልሠራሁበት ነው ብሎ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚመልስ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔም አላወጣም።

ክለቦችስ? በ2020 ኮሊንግዉድ አዳም ትሬሎርን ኮንትራቱ ገና አምስት ዓመት እየቀረው አስወጣው። ከሊጉ ሀብታሞች አንዱ የሆነ ክለብ ነው። ኮንትራቶቹን ያለ ልክ ሲፈርም ከርሞ የደመወዝ ጣሪያው ጢም አለበትና ልጁን ገፋው። ልጁ «መቆየት እፈልጋለሁ» እያለ ነው የሄደው። የት መጣ? እኛው ጋ። ኮሊንግዉድን ከሃዲ ያለ ሰው አልሰማሁም፤ «ቢዝነስ ነው» ተባለ። ክለብ ለገንዘብ ብሎ ሰውን ሲያባርር ቢዝነስ፣ ሰው ለገንዘብ ብሎ ክለብ ሲለቅ ክህደት! ይህን ሚዛን ከየት አመጣችሁት?

ይህ ቁጭት ደግሞ በእናንተ አልተጀመረም። እዚህ ሰፈር ከእኛ በፊት የነበሩትን አውስትራሊያውያን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ባሪ ራውንድ ከፉትስክሬይ (የክለባችን የድሮ ስም ነው) ወደ ሳውዝ ሜልበርን ሄደ። በርኒ ኩዊንላን በ1978 ለፊትዝሮይ ተሰለፈ፤ እዚያም በ1983 እና በ1984 በየዓመቱ ከመቶ በላይ ጎል አገባ። በ1975 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚለይበትን የብራውንሎ ሜዳሊያ ያሸነፈልን ጋሪ ዴምፕሲ ወደ ኖርዝ ሜልበርን፣ በ1980 ያሸነፈልን ኬልቪን ቴምፕልተን ወደ ሜልበርን ሄዱ። ከሁሉ የሚቆጨው 1981 ነው። ያው የብራውንሎ ሜዳሊያ ለሁለት ሰዎች እኩል ተሰጠ፤ ለራውንድና ለኩዊንላን። ሁለቱም እኛ ያሳደግናቸው፣ ሁለቱም የሌላ ማልያ የለበሱ! እኛ ደግሞ በዚያው ዓመት ከሠንጠረዡ ግርጌ ሁለተኛ ነበርን።

ምክንያቱ ስስት አልነበረም። ፉትስክሬይ የፋብሪካና የወደብ ሠራተኛ ሰፈር ነበር፤ ክለቡ ከካርልተንና ከኮሊንግዉድ ጋር በገንዘብ የሚገዳደርበት አቅም አልነበረውም። የደመወዝ ጣሪያ የመጣው በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይሸጣል።

ያኔ የነበሩት ሰዎች ግን ከእናንተ የሚለዩበት ነገር አለ። በ1989 ሊጉ ፉትስክሬይን ከፊትዝሮይ ጋር ሊያዋህድ ወስኖ ነገሩ አለቀ ሲባል፣ ከንፈር መጦ መቀመጥ ይችሉ ነበር። አይሪን ቻትፊልድ የምትባል ተራ ደጋፊ በስሟ ፍርድ ቤት ቆመች። ፒተር ጎርደን የሚባል ወጣት ጠበቃ ትግሉን መራ። ሕዝቡ ቆርቆሮ እያንቀጫቀጨ በየበሩ፣ በየመንገዱ ሳንቲም ለመነ፤ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ክለቡን አተረፈ። ዛሬ ሻርፑን የምትጠመጥሙት እነዚያ ሰዎች ኪሳቸውን ስለፈተሹ ነው።

እናንተስ? ከምታውቋቸው የሐበሻ «ደጋፊዎች» ስንቶቹ የአባልነት መዋጮ ከፍለዋል? ክለቡ ከ50 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ ኮሊንግዉድ 100 ሺህ አልፏል። እኛ ግን በስልክ ሊንክ ተለዋውጠን በነፃ አይተን፣ ማልያውን ገበያ ላይ አስመስሎ ከተሠራው ገዝተን፣ «ክለቡ ለምን ለልጁ አልጨመረለትም?» እንላለን። ማን ይጨምርለት? ለሠርግ አዳራሽ ስንት እንደምናወጣ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ችግሩ የእጅ ማጠር አይመስለኝም።

መናደድ ከፈለጋችሁ የሚናደዱበት ቦታ አለ። ዛሬ ሁሉም ክለብ የሚከፍለው በጣሪያ የተወሰነ ነው፤ አብዛኛውን የመክፈልም ግዴታ አለበት። ስለዚህ ልጅ ሲያመልጠን ጥያቄው ገንዘቡ ለማን ተሰጠ የሚለው ነው። ለማን ረጅም ኮንትራት ፈረሙ? ወጣቱን ኮንትራቱ ሳያልቅ ለምን አላነጋገሩትም? ይህን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ቦርዱን መጠየቅ የአባል መብት ነው። ቡና ቤት ውስጥ ልጁን መስደብ ግን መብትም ሥራም አይደለም። ደግሞም አንድ ሰው ስለሄደ ቤት አይፈርስም፤ በ2013 መጨረሻ በዲ ፍራንክሊን የሚባለው ተጫዋች ዘጠኝ ዓመት፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ከሆቶርን ወደ ሲድኒ ሲሄድ ያለቀሰው ደጋፊ በዓመቱ ያንኑ ሲድኒን፣ ፍራንክሊን ተሰልፎበት፣ በ63 ነጥብ ረትቶ ዋንጫውን አነሳ።

የመጨረሻው ቁጣዬ በወላጆች ላይ ነው። ልጆቻችሁን ቅዳሜ ጠዋት ኦስኪክ ወደሚባለው የሕፃናት የፉቲ ልምምድ የምታደርሱ እናቶችና አባቶች፣ ከጎን ቆማችሁ የቀድሞ ተጫዋቻችንን ስም እየጠራችሁ ስትሳደቡ ልጁ ይሰማል። እነዚህ ልጆች እግራቸው ረጅም፣ ሩጫቸው የማይደክም ነው። ዛሬ ነገ ሳይባል አንዱ በድራፍት ይጠራል፤ አዴሌድ ይሁን ብሪዝበን አናውቅም። ሃያ አንድ ሲሞላው ኤጀንቱ ሁለት ወረቀት ይዞ እቤታችሁ ይመጣል፤ አንዱ የአሁኑ ክለቡ፣ አንዱ እጥፍ የሚከፍለው። እናቱ የምሽት ሺፍት ትተው፣ አባቱ ታክሲውን አቁመው የትኛውን ፈርም እንደሚሉት እኔም እናንተም እናውቃለን። ልጁ ከፈረመ በኋላ ያ ማኪያቶ የሚያማስለው ሰውዬ «ገንዘብ ወዳድ» ብሎ ሲጀምር መልሱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። እስከዚያው ግን የሌላ ሰው ልጅ ላይ አፋችሁን ሰብስቡ፤ የአባልነት መዋጮውም የሚከፈለው አሁን ነው።