ባለሙያው መስክ ወጥቷል
ዛሬስ በቃኝ! የአያቴን የአንገት ጌጥ፣ ድሪዋን ይዤ ባሕር ዳር ውስጥ ያልረገጥኩት ወርቅ ቤት የለም። ልሸጠው አይደለም፤ ምንነቱንና ዋጋውን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው። መልሱ ያው ነው፤ ሚዛን ላይ ጣል፣ በጥፍር ፋቅ ፋቅ፣ «በግራም ይሄን ያህል»። አንዱማ ድሪው ላይ ያለው ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚለውን አይቶ «የዚያ ዘመን ነው!» አለኝ። ወንድሜ፣ የማርያ ትሬዛ ብር ከዚያ በኋላም ስንት ዘመን ሲመረት ሁሉም ላይ 1780 ነው የሚጻፈው! ሐይቁ ዳር ያለው ጌጣጌጥ ሻጭ ደግሞ «ይሄ አርጅቷል፣ በአዲስ ልቀይርልሽ» አይለኝም መሰላችሁ?

ቅርስ የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። «ቅርስ ከሆነ ዝም ብሎ መሸጥ አይቻልም።» ማን ልሽጥ አለ? ቅርስ መሆኑንስ ማን ይንገረኝ? «ባለሙያው መስክ ወጥቷል።» ዛሬም መስክ! ሰው የማይመለስበት ምን ዓይነት መስክ ነው ግን?