ፋኑ ሞተር ሲነሳ አለመዞሩ ብልሽት አይደለም

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ሾፌሮች የሚቀባበሉት ምክር አለ። «ሞተር አስነስተህ የራዲያተሩ ፋን (የሞተሩን ውሃ የሚያበርደው ማራገቢያ) ካልዞረ ተበላሽቷል፤ ቀጥታ ከባትሪ አስገናኘው» የሚል። ከቅን ልብ እንደመጣ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው፣ መኪናም ይጎዳል።

በቺንጋ የሚዞረውን የድሮ ፋን እንተወው፤ እሱ ከሞተሩ ጋር ነው የሚነሳው። የኤሌክትሪክ ፋን ግን ሙቀት ጠብቆ ነው የሚሠራው። በብዙ መኪኖች የሞተሩ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይነሳል፣ ሲበርድ ይቆማል። በጠዋት ብርድ ዝም ማለቱ ጤንነቱ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ኤሲውን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ወዲያው ይነሳል። ኤሲ ከሌለው ሞተሩን ሳታጠፉ የሙቀት ጌጁን እያያችሁ ጠብቁ። ቀስቱ ከተለመደው ቦታ አልፎ መውጣት ከጀመረና ፋኑ አሁንም ዝም ካለ ሞተሩን አጥፉ። ፊውዙን፣ ሪሌውን (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን)፣ የሙቀት ሴንሰሩን አስፈትሹ። እጃችሁን ግን ከፋኑ አርቁ፤ ሞተር ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።

ቀጥታ የተገናኘ ፋን ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይለፋል፣ ቶሎም ይቃጠላል። የባሰው ደግሞ እውነተኛውን ችግር መሸፈኑ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጡ የሚያሞቀው የጎደለ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ወይም ያረጀ የራዲያተር ክዳን ሊሆን ይችላል። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ተራ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይንተከተካል።