ርግቧ ምን አጠፋች?

የባለ ቀለበቷ ርግብ (Eurasian collared-dove) የአሜሪካ ታሪክ የሚጀምረው በሌባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በባሃማስ፣ ናሳው ከተማ፣ የአንድ ወፍ ነጋዴ ሱቅ ተዘረፈ። በግርግሩ ጥቂት ርግቦች አመለጡ። ነጋዴውም የቀሩትን፣ ወደ 50 ገደማ፣ ለቀቃቸው። ከዚያ ባሕር ተሻግረው ፍሎሪዳ ገቡ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ጎጆ ሠርተው ነበር። ግን ማንም ልብ አላላቸውም። ብዙዎች ከቤት ያመለጠች ለማዳ ርግብ መሰለቻቸው፤ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉና። ማንነቷ የተለየው በ1986 ነው። ያኔ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። ዛሬ ከሰሜን ምሥራቁ በስተቀር አሜሪካን አዳርሳለች፤ አላስካ ድረስ ታይታለች።

ለመለየት አታስቸግርም። አመድማ ናት፤ ማጅራቷ ላይ ጥቁር መስመር አላት። ድምፅዋ ሦስት ምት አለው፣ መሐለኛው ረዘም ይላል። የአገሩ ተወላጅ ዋኔ ከእሷ ታንሳለች፣ ጅራቷም ሹል ነው።

ብዙ አሜሪካውያን «ወራሪ» ይሏታል። እኔ ስሙ የተቸኮለበት ይመስለኛል። መነሻዋ እስያ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አውሮፓን ያዳረሰችው ማንም ሳይወስዳት በራሷ ክንፍ ነው፤ ብሪታንያ ገብታ የፈለፈለችው በ1955 ነው። የምትከተለው ሰውን ነው። እህል የሚራገፍበት ጎተራ፣ ግቢ ውስጥ የተተከለ ዛፍ፣ ፍሬ የሞላ የወፍ መመገቢያ ካለ ሌላ አትጠይቅም። ማዕዱን ዘርግተን «ማን ጠራሽ?» ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

የአገሩን ዋኔ አፈናቀለች የሚለውም ክስ እስካሁን አልጸናም። ፍሎሪዳ ውስጥ ከወፍ መመገቢያዎች የተሰበሰበ መረጃ እሷ ባለችበት የአገሩ ዋኔዎች ቀንሰው አላሳየም።

ቴክሳስን የመሳሰሉ ግዛቶች ያለ ገደብ፣ ዓመቱን ሙሉ እንድትታደን ፈቅደዋል። ተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቀው የ1918ቱ የፌዴራል ሕግም አይመለከታትም። ለሚበላት ሰው አልቃወምም። በጥይት እናጠፋታለን ማለት ግን ዘበት ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ብትጥልም በዓመት ደጋግማ ትፈለፍላለች። አንዳንዴ የፊተኞቹ ጫጩቶች ከጎጆ ሳይወጡ የሚቀጥለውን ትጀምራለች።

ደግሞ ጥይት ርግብን አያጠፋም ብዬ አይደለም። ይኸው አገር በቢሊዮን ይቆጠር የነበረ የራሱን ተሰዳጅ ርግብ በጠመንጃና በመረብ፣ ደኑንም በመመንጠር ጨርሶታል። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ በ1914 ሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ያቺ ግን በመንጋ የምትኖር፣ ሰፊ ደን የምትሻ ወፍ ነበረች። ይቺኛዋ ከመኪና ማቆሚያ አጠገብ ያለ ዛፍ ይበቃታል።

እኔን የሚያሳስበኝ በሽታው ነው። ርግቦች ጉሮሮ ውስጥ የሚኖር ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ። የታመመችው ወፍ ጉሮሮዋ ይቆስላል፣ መዋጥ ያቅታታል። የተፋችው ፍሬና የጠጣችበት ውኃ ለሌላው ያስተላልፋል። ርግብ የበላ ጭልፊትም ለጫጩቶቹ ይዞላቸው ይገባል። ብዙ ርግቦች በአንድ መመገቢያ ሲጋፉ ደግሞ መተላለፉ ይቀላል። ስለዚህ መመገቢያ የሰቀለ ሰው ጠመንጃ ከማሰቡ በፊት ዕቃውን ይጠብ፤ የረጠበ ፍሬ ይድፋ። የታመመ ወፍ ካየም መመገቢያውን ለሁለት ሳምንት ያህል ያውርደው። ርግቦቹ ሌላ የሚበሉት አያጡም።