ከተማ በዱቤ ደብተር ስትታይ

ስለ ጎጃም ከተሞች ኑሮ ሲወራ የማትቀር አንዲት ክስ አለች። «ሰዉ ገንዘቡን ለድግስና ለመጠጥ እንጂ ለቁም ነገር አያወጣም» ትላለች። ደብረ ማርቆስ ላይ ሰምቻታለሁ፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይም እንዲሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ነዋሪው ገንዘቡን የሚያውልበት ቦታ ከሰዉ ጠባይ ይልቅ ከተማው የጎደለውን ነው የሚናገረው።

የሚጠራጠር ሰው ካለ አመሻሽ ላይ ከሰፈር ሱቅ ባንኮኒ አጠገብ ትንሽ ይቁም። የቀን ሠራተኛው የዕለቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ ሩብ ሩብ እየተለካ ይሸጣል። ስኳር በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ቡና በሲኒ ተሰፍሮ፣ ሽንኩርት በፍሬ፣ ሳሙና ለሁለት ተቆርጦ። ባለሱቋ እጇ ከሚዛኑ ወደ ዱቤ ደብተሩ ይመላለሳል። ደመወዝ በገባ ሰሞን ደብተሩ ላይ መስመር ይሰረዛል። ወሩ ሲጋመስ ገጹ እንደገና ይሞላል። እዚያ ላይ የሰፈረው ደግሞ የሸክም ሠራተኛው ስም ብቻ አይደለም። የመምህሩም አለ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስም አለች።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ዋጋው ነው። ሩብ ሊትር ዘይት እየቆነጠረ የሚገዛ ሰው በመጨረሻ ባለ አምስት ሊትሩን ጀሪካን በአንዴ ከገዛው ጎረቤቱ የበለጠ ይከፍላል። መቆጠብ ጠልቶ አይደለም፤ ጀሪካኑን የሚገዛበት ብር በአንድ ቀን እጁ ላይ አይገኝም። የሸማቾች ማኅበር ዘይት ሲያመጣም እንደታሸገ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ቅናሹ ቅናሽ ለሚያስፈልገው ሰው አይደርስም። ይህን የዱቤ ደብተሩ ያሳያል፤ የከተማው ሪፖርት ላይ ግን አይገኝም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 የቤልጅየም ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ አንድ ነገር አስተዋለ። ቤተሰብ እየደኸየ በሄደ ቁጥር ከገቢው ውስጥ ምግብ የሚወስደው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። እኛም አገር ይህን የሚለካው የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ወጪ ጥናት ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በየተወሰነ ዓመት ሲካሄድ ቆይቷል። ግን አገርንና ክልልን ለማየት የተሠራ ጥናት ነው። ደንበጫ ወይም ሞጣ ውስጥ ያለ አንድ ቀበሌ ምን እንደቸገረው ከዚያ አይነበብም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ልብስና የባጃጅ መለዋወጫ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ ገጠር ያለ እህል ከተማ አይደርስም። ሲከፈትም ዋጋው ወደ ነበረበት አይመለስም።

ጤፍ በሚመረትበት አገር ላይ ተቀምጦ ጤፍ ተወደደብን ማለት ለሌላው ሰው ግራ ሊሆን ይችላል። የደብረ ማርቆስ ገበያ ግን ዋጋውን የሚቀበለው 300 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው አዲስ አበባ ነው። ነጋዴው እዚያ የሚያገኘውን ትቶ እዚህ በርካሽ አይሸጥም። ብዙ የከተማ ቤት ቆሞ የሚሄደው ገጠር ያለ ወላጅ ወይም ወንድም በሚልከው እህል ነው። ያ ድጋፍ የሌለው፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ፣ በአንድ ዓይነት ደመወዝ ሁለት ዓይነት ኑሮ እንዳለ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ወጪዎች እንምጣ። አንድ ቤት ለጀሪካን ውሃ ብር ሲያወጣ ቧንቧው በፈረቃ እንደሚመጣ፣ አንዳንዴም እንደማይመጣ እየነገረን ነው። ለከሰል ሲያወጣ መብራቱ እራት እስኪበስል እንደማይቆይ ይነግረናል። ከአዊዋ ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚወጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ለአዊ ገበሬ ጥሩ ገቢ ሆኗል፤ ደስ ይለኛል። ከተማው ግን ከሰል የሚገዛው ወዶ አይደለም። የባጃጁም ነገር እንዲሁ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት፣ እናት ገበያ፣ አባት ሥራ፤ ሁሉም በየቀኑ ለባጃጅ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ተደምሮ ቢታይ ነዋሪው ከተማው ያልሰጠውን አገልግሎት በጥሬ ገንዘብ እየገዛ ነው። ግብሩንም ይከፍላል።

ድግሱስ? ተዝካር፣ ሰርግ፣ ማኅበር ብዙ ገንዘብ ይበላሉ፤ አልክድም። ልክ ያጣም አለ። ግን መድን በሌለበት ከተማ ሰው ገንዘቡን ሰው ላይ ያስቀምጣል። እድሩ ቀባሪ ነው፣ እቁቡ ባንክ ነው፣ ማኅበሩ የክፉ ቀን ዘመድ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በሦስተኛው ቀን የሚያስፈልጋትን ዱቄትና እንጨት ከማን ታገኛለች? ሰርጓ ላይ ካበላቻቸው ሰዎች ነው። የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ቆርቆሮና የባህር ዛፍ አጣና ሲገዛበት ነው የማየው። ገንዘብ ለቁም ነገር አያወጣም የሚባለው ሰው ቤት እየሠራ ነው።

መጠጥ ቤቱ ላይም ወጣቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ባሕር ዳርን እንውሰድ። እንደዚያ ያለ ሐይቅ ይዛ፣ ዳርቻው ላይ ሆቴልና መዝናኛ ስለተደረደረ፣ ለብዙ ዘመን ውሃውን ቁጭ ብሎ ለማየት አንድ ነገር ማዘዝ ነበረብን። በኮሪደር ልማቱ ከዳርቻው በከፊል ለእግረኛ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ማታ ማታ ሰዉ በነፃ ሲንሸራሸር አይቻለሁ። በነፃ የሚቀመጡበት ቦታ ሲገኝ ሰው እዚያ ይሄዳል። በሌሎቹ ከተሞቻችን ግን ሥራ ፈቶ ለሚውል ልጅ ከቤተ መጻሕፍትና ከኳስ ሜዳ ይልቅ ድራፍት ቤትና የፑል ቤት ይቀርበዋል።

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ አስተዳደር በየቀበሌው ጥቂት ቤቶችን መርጦ ባለፈው ወር ለውሃ፣ ለማገዶ፣ ለባጃጅና ለዱቤ ስንት ብር እንዳወጡ ይጠይቅ። ብዙ ወጪ የለበትም። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል። ጀሪካን ብዙ ብር የበላበት ቀበሌ መጀመሪያ የውሃ መስመር ያግኝ። የሸማቾች ማኅበሩም ዘይቱን በሩብ ሊትር፣ በሊትሩ ዋጋ፣ ቀድቶ ይሽጥ። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ በርሜልና አንድ መለኪያ ነው።