እርማት፦ ጥፋቱ የክቡ ፍሎረሰንት አይደለም

«ክብ ፍሎረሰንት (እንደ ቀለበት የተጠመዘዘው የቱቦ አምፖል) ለቪዲዮ አይሆንም፤ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ያመጣል» የሚሉ አሉ። መስመሩን እኔም አይቼዋለሁ፤ ጥፋተኛው ግን አምፖሉ አይደለም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነና በእያንዳንዱ ዙር ብርሃኑ ሁለቴ ስለሚደምቅ፣ ስታርተር ባለው በድሮው ከባድ ባላስት (ወደ ቱቦው የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) የሚሠራ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። የካሜራዎን ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ መስመሩ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው 1/60 እንደ አሜሪካ 60 ኸርዝ ለሚጠቀሙ አገሮች ነው። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ካለው ደግሞ ድግግሞሹ ከ20,000 ኸርዝ በላይ በመሆኑ ካሜራው ልብ አይለውም።

ይልቅ ፊትን አረንጓዴ የሚያስመስለውን ርካሽ ቱቦ ይጠንቀቁ። ቱቦው ላይ 865 ከታተመ፣ 8ቱ የቀለም ታማኝነቱ (ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታው) ከ100 በ80ዎቹ ውስጥ መሆኑን፣ 65ቱ 6500 ኬልቪንን፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃንን ያመለክታል። እኔ ብሆን በ9 የሚጀምረውን እፈልጋለሁ።