እርማት፦ ጨው ከሰርዶው በፊት እንጆሪውን ነው የሚገድለው
ወንድሜ ለቅንነትህ አመሰግናለሁ ግን "እንጆሪ መደብ ውስጥ የገባ ሰርዶ ላይ የጨው ውሃ አፍስሱበት ይደርቃል" ያልከው ልክ አይደለም። እንጆሪ እኮ ጨው ጭራሽ አይችልም፣ ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ እየተቃጠለ ቡናማ ይሆናል፣ ሰርዶ ደግሞ ጨው በደንብ ይቋቋማል፣ እንግዲህ ቀድሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ አስበው። ጨውም እዛው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። አቼቶም ቢሆን የላዩን ቅጠል ነው የሚያቃጥለው የስሩ ይቀራል፣ ራውንድአፕ የሚባለው የአረም መድኃኒት ደግሞ ሳርና እንጆሪ አይለይም።

የሚሰራው አሰልቺው መንገድ ነው፣ ማታ መደቡን ውሃ አጠጥተህ ጠዋት አፈሩን በመንሽ ቀስ ብለህ አላልተህ ያንን ነጭ ገመድ የመሰለ አፈር ውስጥ ያለ የሰርዶ ግንድ እስከ ጫፉ እየተከተልክ መሳብ። በዶማ እንዳትከታትፈው በናትህ፣ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ እንደገና ይበቅላል፣ የእንጆሪም ስር ጥልቅ ስላልሆነ አብሮ ይቆረጣል። የነቀልከውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምረው፣ ፀሐይ ላይ ክው ብሎ ይድረቅ።

ከዛ መሀል መሀሉን ካርቶን አንጥፈህ ጭድ አልብሰው ፍሬውም ጭቃ አይነካውም። የጤፍ ጭድ ከሆነ ግን በደንብ የተወቃ ይሁን፣ አለበለዚያ እንጆሪው መሀል ጤፍ ስታርም ልትከርም ነው 😂