የተገፉ ቦንዶች ጠበቃ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ቦንድ ስል ለግድቡ የገዛነውን አይደለም። እሱስ ወለድ አለው። የእኛ ቦንድ ጄምስ ነው። ከ1962 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በ25 ፊልም ዓለምን ሲያድን የኖረ፣ ግን አንድም ቀን ደሞዝ ሊፈርም ሲሰለፍ ያላየነው እንግሊዛዊ ሰላይ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሆነን ማኪያቶ እንጠጣለን። ሌላው ጠረጴዛ ስለ ኳስና ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። እኛ የጄምስ ቦንድ ፊልሞችን እንዳኛለን። ጥሩዎቹን እንዳይመስላችሁ። "ጎልድፊንገር" ጥሩ ነው ብሎ መከራከር ዶሮ ወጥ ይጣፍጣል ብሎ እንደመከራከር ነው። ማን ይቃወማችኋል? ጨዋታው ያለው፣ ሰው ሁሉ ያጣጣለውን ፊልም አንስቶ "ይሄ እኮ ተበድሏል" ማለቱ ላይ ነው። እያንዳንዳችን አንድ አንድ የተበደለ ፊልም አለን። በነጻ ቆመንለታል። ካስፈለገ ሰበር ድረስ እንሄዳለን።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ናቸው። ደንበኛቸው ጆርጅ ላዘንቢ ነው። አውስትራሊያዊ፣ መኪና ሻጭ የነበረ፣ ከዚያ የማስታወቂያ ሞዴል የሆነ ልጅ። ቦንድን ሲጫወት የነበረው ሾን ኮነሪ ሲለቅ በ1969 "ኦን ኸር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ" ላይ ተተካ። ቦንድ ወግ ማዕረግ አይቶ የሚያገባበት ፊልም ነው። ከሰርጉ ወጥተው ገና መንገድ ላይ እያሉ ሙሽራይቱ መኪናው ውስጥ በጥይት ትሞታለች። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ብርጭቋቸውን ያስቀምጣሉ። "ያን ልጅ በደሉት" ይላሉ። ማንም አልበደለውም። ፊልሙ ሳይወጣ "ከዚህ በኋላ አልሠራም" ያለው ራሱ ነው። ለምርቃቱም ጺሙንና ጸጉሩን አንዠርግጎ ነው የመጣው። ይህን ማስታወስ በጋሼ ፊት ነውር ነው።

የጋሼ መከራ የጀመረው ፍርዱ የተገለበጠ ዕለት ነው። ፊልሙን ሰው ሁሉ እያመሰገነው መጣ። አንድ ቀን ከጎናችን የተቀመጠ ጎረምሳ ወሬያችንን ሰምቶ "እሱማ ከሁሉም ምርጡ ነው" አለ። ጋሼ ደስ ይላቸዋል ብለን ስንጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። ብቻቸውን ሲያስታምሙት የኖሩት በሽተኛ ድኖ፣ ተነስቶ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሲጨፍር ያዩ መሰሉ። በሳምንቱ አዲስ ደንበኛ ይዘው መጡ። የ1983ቱ "ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌይን"። ይሄኛው ከ25ቱ ውስጥ እንኳ አይቆጠርም። ሌሎች አዘጋጆች ናቸው የሠሩት። ቤተሰቡ የማያውቀው ልጅ በሉት። ጋሼ ግን ደማቸው ተመለሰ። እዚያ ድረስ ማንም አይከተላቸውም።

ሁለተኛው ጠበቃ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሌላውን የቦንድ ተዋናይ ቲሞቲ ዳልተንን ይዟል። ክርክሩ አጭር ነው። በ2006 ዳንኤል ክሬግ ኮስተር ብሎ፣ ደም በደም ሆኖ ሲመጣ ዓለም አጨበጨበ፤ ዳልተን ያንን በ1989 "ላይሰንስ ቱ ኪል" ላይ አድርጎት ነበር። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ በሕግ ክርክር ምክንያት እስከ 1995 ቦንድ የሚባል አልወጣም። ጓደኛችን እነዚያን ስድስት ዓመታት ሲያነሳ ድምፁ የለቀስተኛ ነው። ሳቅ ስለማያውቅ እንለፈው።

ሦስተኛዋ ግን! የእሷ "ሙንሬከር" ነው። በ1977 የጠፈሩ ፊልም "ስታር ዋርስ" ገንዘብ ሲያፍስ የቦንድ ሰዎች ጎረቤቱ ፎቅ ሲሠራ እንዳየ ሰው ሆኑ። ሌላ ፊልም ሊሠሩ የያዙትን ዕቅድ ትተው በ1979 ሰላዩን ጠፈር ላኩት። ፊልሙ ላይ ቦንድ ቬኒስ ውስጥ ጎንዶላ በምትባለው ጀልባ ያመልጣል። ጎንዶላዋ ከውሃው ወጥታ አደባባዩ ላይ፣ በሰው መሃል፣ በአየር ትራስ ትንሳፈፋለች። ይህን ጉድ ያየች አንዲት እርግብ ዞር ትላለች፣ ትመለሳለች፣ ማመን አቅቷት ደግማ ዞር ትላለች። ፊልሙን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያጫወቱ ነው እንደዚያ ያስመሰሏት። በፊልም ታሪክ ከተሰደቡ አእዋፍ መካከል አንደኛ ሳትሆን አትቀርም።

"እርግቧን አትንኩብኝ" ትላለች ጓደኛችን። "ከሁላችሁም የተሻለ ትወና ያላት እሷ ናት።"

የሂሳብ ሠራተኛው እንደ ልማዱ ቁጥር ያመጣል። ሙንሬከር እስከዚያ ከወጡት ቦንዶች ሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያስገባ ፊልም ነው፤ እስከ 1995 የበለጠውም የለም። "የተበደለ ሀብታም አይቼ አላውቅም" ይላል። እሷም "ትኬት መሸጥና መወደድ ለየቅል ናቸው" ብላ ትዘጋዋለች። ይቺው ሴትዮ በ2002ቱ ፊልም ላይ ያለችውን የማትታይ መኪና ስትሰማ በሳቅ ትፈርሳለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። የእኔ የ1974ቱ "ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን ገን" ነው። ክሪስቶፈር ሊ በአንድ ጥይት አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይጫወታል። ሽጉጡን ከእስክሪብቶ፣ ከላይተር፣ ከሲጋራ መያዣና ከሸሚዝ እጅጌ ቁልፍ ነው የሚገጣጥመው። ታይላንድ ውስጥ የተቀረጸበትን ደሴት ጎብኚው ዛሬም የጄምስ ቦንድ ደሴት እያለ ይጎርፍበታል። ደሴቲቱ ጠበቃ አላስፈለጋትም።

ሁሉ ነገር የሚያምረው ግን መኪናዋ ጋ ነው። የተሰበረ ድልድይ አለ። ቀይ ሆርኔት መኪና በፍጥነት ትመጣለች። አየር ላይ ሙሉ ዙር ተጠቅልላ ማዶ በጎማዋ ታርፋለች። በዚያ ዘመን በኮምፒውተር አስልተው፣ የመኪናዋን መሪ ወደ መሃል አዛውረው፣ በአንድ ሙከራ የቀረጹት ነው። ድጋሚ የለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? መኪናዋ አየር ላይ ስትዞር ፉጨት ይሰማል። ያ የልጆች መጫወቻ የመሰለ፣ ወጥቶ የሚወርድ ፉጨት። የሙዚቃው ሰው ጆን ባሪ ነው የጨመረው። ጠበቃ ሆኜ ስንት ጊዜ በዚያች ፉጨት ተረትቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ስለነበር እኛ ቤት ተሰበሰብን። ፊልሙን ከፈትኩላቸው። ሪሞቱን ከጋቢዬ ሥር ይዣለሁ። ድልድዩ መጣ። መኪናዋ ልትነሳ ስትል ድምፁን ጥርቅም አደረግኩት። በጸጥታ ዞረች። እንዴት እንደምታምር ልነግራችሁ አልችልም። ጋሼ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። የሂሳብ ሠራተኛው እንኳ "አይ ይሄስ..." ማለት ጀምሮ ነበር።

ሚስቴ ኩሽና ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ቲቪው ከእሷ አይታይም። ግን ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንደከፈትኩባት እግዜር ይወቀው፤ ሰከንዱን በቃሏ ታውቀዋለች።

"ፉዊዊዊይይይት!"

ቤቱ ጸጥ አለ። የሙንሬከሯ ጠበቃ ወደ እኔ ዞረች። ወደ ቲቪው ተመለሰች። ደግማ ወደ እኔ ዞረች።